ቅኔ በቡና ሀገር

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በዚህ በዓል ስለ ቅኔ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ ነገሬን ከእናንተው ጥያቄ እጀምራለሁ። በማሕሌት ቅኔ በተባለ ቁጥር በውጭ የቆመው ሕዝብ እርስ በርሱ «ምን አሉ?» ይባባላል። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ሲሉም አብሮ ደስ ይለዋል፤ ዳሩ ግን ደስ የሚለው ነገሩን ሰምቶ አይደለም፥ በሊቃውንቱ ፊት ላይ ደስታ አይቶ ነው እንጂ። ከወጣቶቹም ደፈር ያሉት «በዚህ ዘመን፥ ያውም በዚህ በሚዛንና በቴፒ ምድር፥ ብዙው ሰው የማይሰማው ቅኔ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው የንቀት አይደለምና መልስ ይገባዋል።

የቅኔ ልኩ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ ዘአምላኪየ 3፥ ዋዜማ 5፥ ሥላሴ 6፥ መወድስ 8 ቤት ነው። ዜማውም የተወሰነ ነው። ቃሉ ግን ሁል ጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ዳዊት ይደገማል፥ ድጓም በየዓመቱ በየበዓሉ ይመለሳል፤ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማለት ግን በሊቃውንት ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ባለቅኔው ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ያበጀውን ነገር አንድ ጊዜ ተናግሮ ይለቀዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም.፥ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በማሳተማቸው ጥቂቱ ተርፎልናል፤ የቀረው ግን ከተናጋሪው አፍና ከሰሚው ጆሮ አላለፈም። እኔ በዚህ ብዙ አላዝንም። ለበዓል የተጋገረ እንጀራ በበዓሉ ሊበላ ነው። ዛሬ ቅኔው ሁሉ በእጅ ስልክ እየተቀረጸ ከሀገር ሀገር ይዞራል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የጥንቱ ሰው ቅኔ ማበጀትን «መዝረፍ» ሲል የገዛ አእምሮን መዝረፍ ማለቱ እንደ ሆነ ለደቀ መዛሙርቱ አስታውሳለሁ፤ የጎረቤትን ስልክ ማለቱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ወደ እሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በተወው ባዶ ስፍራ ወርቁን ያፈስበታል። እንግዲህ ሰም ባይኖር ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር። ሰዎች ግን ወርቁን ብቻ እያመሰገኑ ሰሙን ይንቃሉ። ሰም ማለት ሰሚው በእጁ የዳሰሰው፥ በዓይኑ ያየው ነገር ነው፤ ወደ ምሥጢሩ የሚገባበት በር እርሱ ነው።

የዋሸራ፥ የጎንጅና የዋድላ መምህራን ሰማቸውን ከደጃቸው ወሰዱ። ሞፈርና ቀንበር፥ በሬና አውድማ፥ ገብስና ስንዴ በቅኔያቸው የሞላው ስለዚህ ነው፤ ለእነርሱም ሕዝብ በር ሆነለት። እኛ ያንኑ ሰም እንዳለ ተሸክመን ወደዚህ ወረድን። በቡና ጥላ ሥር ያደገ፥ እንሰት የበላ ልጅ ግን አውድማ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እንዲህ ሲሆን ግእዙ አንድ ግድግዳ ሆኖ ሳለ፥ በር ይሆናል ያልነው ሰም ሁለተኛ ግድግዳ ሆነ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ እውነተኛው ሰም ያለው በእናንተ ዘንድ መሆኑ ነው። የሸካና የካፋ ሰው ቀፎውን በረዥም ዛፍ ላይ ሰቅሎ፥ በጨለማ ወጥቶ ማሩን ይቆርጣል። ጥበባችን በስሙ የተጠራበት ነገር ከዛፋችሁ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ እኛ ከሩቅ ሀገር እናስመጣለን።

የቡናም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥንተ መገኛው ይህ የደቡብ ምዕራብ ዱር ነው። ነገር ግን ካህናቱ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቡና መጠጣትን የሌላ ሃይማኖት ልማድ ነው ብለው ይነቅፉት ስለ ነበረ፥ ነቀፋውም የላላው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ፥ በቅኔያችን ውስጥ ቡና ገና እንግዳ ነው። እኔ አንድ ዓመት ሚያዝያ 23 ቀን በጊዮርጊስ በዓል በግእዝ የተቀኘሁትን፥ እንድትሰሙት በአማርኛ ልመልሰው፤

ቡና ጊዮርጊስ በእሳት ተቆልቶ፤
ሲፈጭ መዓዛው ናኘ ይድራስን ሞልቶ።

ሰሙ ቡናው ነው፤ ይቆላል፥ ይፈጫል፥ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ወርቁ ሰማዕቱ ነው፤ በእሳት አቃጥለው፥ ፈጭተው፥ ትቢያውን በደብረ ይድራስ በበተኑት ጊዜ እግዚአብሔር አስነሣው። ይህን ፊደል ላልቆጠሩ አንዲት እናት ብነግራቸው፥ ገድሉን ሲነበብ ሰምተው ያውቁ ነበርና፥ «ሳይቆላማ መቼ ይሸትና!» አሉኝ። ከሊቃውንቱ ይበል ይልቅ ይህን አብልጬ ወደድሁት። የቡና አበባም አለላችሁ፤ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ዱሩን ሁሉ ነጭ ያለብሰዋል፥ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። ለእመቤታችን ንጽሕና ሰም ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ሌላው የሚባለው ነገር፥ የቤንች፥ የካፋ፥ የሸካ፥ የሸኮ፥ የመዠንግር ልጅ አፉን የፈታበት ቋንቋ ሌላ ስለ ሆነ ቅኔ አይሆንለትም የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። ግሱ በአማርኛ ስለሚፈታ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ልጅ አንድ እርምጃ መቅደሙ አይካድም። ነገር ግን ግእዝን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተማረ ዛሬ በዓለም ማንም የለም። የጎጃሙም ልጅ የሚዛኑም ልጅ ከአንዱ ግስ ይነሣሉ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጸላሎ ሴት ሆነው፥ ዓይነ ስውርም ሆነው፥ ቅኔ አስተምረው ብዙ ወንዶችን ለመምህርነት አብቅተዋል። ለእርሳቸው ያልተዘጋው በር ለማን ይዘጋል?

የሚጎድለን ልጅ አይደለም፤ የሚጎድለን ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ይህ ክልል ሲቋቋም ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫ ሆነዋል፤ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ስም ይጠራል። ቅኔ የሚመኝ ልጃችን ግን ወደ ሰሜን ሄዶ፥ ቁራሽ ለምኖ ይማራል፤ ሲፈጽምም በዚያው ደብር ያገኛል። አንድ የቅኔ መምህር የሚፈልገው ጎጆና የዓመት ቀለብ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ለቤተ ክርስቲያን ከምትሰጡት ላይ ለዚህ የሚሆን ድርሻ እንዲለይ ለሰበካ ጉባኤው አመልክቻለሁ፤ እናንተም ተማከሩበት።

በነገው ማሕሌት ቤንችኛ አፍ መፍቻው የሆነ አንድ ዲያቆን ጉባኤ ቃና ያሰማል። ሰሙን ከየት እንደ ወሰደው እኔም አልጠየቅሁትም። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ በአማርኛም በእናቱም ቋንቋ ይፈታዋል፤ የምትወዱ በዚያ ቆዩ።