በመተማ ቆላ ማቀዝቀዣው ለተበላሸበት የኪራይ ቤት



በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በዚህ ወራት የቆርቆሮ ክዳን ባለው የኪራይ ቤት የአየር ማቀዝቀዣው ሲበላሽ፣ ተከራዩ «አዲሱ ስንት ያወጣል?» ይለናል። የእኛ ጥያቄ ግን «ሙቀቱ በየት ይገባል?» መሆን ይገባዋል።

ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከቤት አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ ብርድን አይፈጥርም። ስለዚህ አስቀድሞ በአቧራ የታፈነው ማጣሪያ፣ የኤሌክትሪኩ መዋዠቅና ካፓሲተሩ ይመርመሩ፤ የእነዚህ ወጪ ከአዲስ ግዢ እጅግ ያነሰ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከተቃጠለ ግን ገንዘቡ ቀድሞ ለኮርኒስና ከጣራው ሥር ለአየር መውጫ ይዋል፤ ከዚያ ወዲያ አነስተኛው መሣሪያ ይበቃል።

አቅም ላጠረው፣ በውኃ ትነት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ መስኮት ተከፍቶለት በደረቁ በጋ ይረዳል፤ በእርጥቡ ክረምት ግን ብዙም አይጠቅምም። ቬንቲሌተርም ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ አየር ሲያራግብ ሰውነትን ሊያግል ስለሚችል፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻውን አይታመንም።

ወጪውስ የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስፈላጊውን ጥገና በመሠረቱ በአከራዩ ላይ ይጥላል። ኮርኒስ ከቤቱ ጋር ይቀራልና የአከራዩ ይሁን፤ ተከራዩ የሚገዛው ሲለቅ ይዞት የሚሄደውን ይሁን። ይህን ለሁለቱም ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው።