ስለ ስንዴ ዝርያ ማረጋገጫ መሣሪያችንና ስለ መግለጫው የተደረገ ንግግር



በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ክበባችን ሥራ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። የምንናገረው ስለ አንድ አነስተኛ ሶፍትዌር፣ ይልቁንም ስለ መግለጫው ነው። ሶፍትዌሩን ለመሥራት ሁለት ሳምንት በቃን፤ ሁለት ገጽ የሆነውን መግለጫ ለመጻፍ ግን አንድ መንፈቀ ዓመት ፈጀብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ በመመለስ ብቻ ሳይወሰን እንደ ወኪል ተልኮ መሥራት ጀምሯል። ወኪሉ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ ከተሰጡት መሣሪያዎች አንዱን መርጦ ይጠራል፤ መሣሪያውም ውጤት ያመጣለታል። አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ባወጣው፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በሚባለው ደንብ መሠረት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝርና በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ ይኖረዋል። ወኪሉ መሣሪያውን የሚያውቀው በዚህ መግለጫ ነው። እንግዲህ መግለጫው የጎደለ ከሆነ ወኪሉ የጎደለውን በግምት ይሞላዋል፤ እኛም ያየነው ይኸንኑ ነው።

የመረጥነው ጉዳይ ስንዴ ነበር። በአርሲ ተወልዶ በሌላ ነገር መጀመር የሚቻል አይመስለንም። ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የሠራው በዚሁ በአሰላ ዙሪያ ነው፤ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ጎረቤታችን ነው። አዲስ ዝርያ ለገበሬ ከመለቀቁ በፊት የማረጋገጫ ሙከራ ይደረግበታል፤ ይኸውም ከነባር ዝርያ ጋር ጎን ለጎን በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ይዘራል፤ ባለሙያዎች በየማሳው ተዘዋውረው ያዩታል፤ ያዩትንም ለአጽዳቂው ኮሚቴ ያቀርባሉ። የጸደቀው ዝርያ በሰብል ዝርያዎች መዝገብ ይታተማል። እኛ ከመዝገቡ የስንዴውን ክፍል ወደ ሰንጠረዥ ገለበጥን፤ መሣሪያችንም ከሰንጠረዡ ውጤቱን ፈልጎ ለወኪሉ እንዲያቀርብ አደረግን። መግለጫውን በአንድ መስመር ጨረስነው፤ «የስንዴ ዝርያ ማረጋገጫ ውጤት ያመጣል» የሚል ነበር። ይበቃል ብለን ነበር።

አንድ ቀን የአንዱ ጓደኛችን አባት፣ በሳጉሬ አካባቢ ገበሬ የሆኑ፣ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። እኛም ሥራችንን ለማሳየት ቸኩለን ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥናቸው። «እስቲ ዲገሉ እንዴት ነው በሉት» አሉን። ወኪሉም ዲገሉ የተረጋገጠ ዝርያ ስለ ሆነ ሊዘሩት እንደሚችሉ መለሰ። እርሳቸውም ሣቁና «ልጆቼ፣ እኔ በ2006 ከዲገሉ ያገኘሁት ገለባ ነው፤ ለዚህ ነው ወይ ኮምፒዩተር ያስፈለገው?» አሉ። እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም።

ከዚያ በኋላ ነው የዲገሉን ታሪክ የተማርነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2005 በሚገባ ተረጋግጦ ተለቀቀ። በ2010 ቢጫ ዋግ የአገራችንን ስንዴ በመታ ጊዜና ኩብሳ የተባለው ዝርያ በተጎዳ ጊዜ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ቢጫ ዋጉን ችሎት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውን፣ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋማል። ዳሩ ግን ከኖቬምበር 2013 እስከ ጃንዋሪ 2014 ቲኬቲቲኤፍ የሚባል ሌላ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሥቶ በአንዳንድ ስፍራ የዲገሉን ምርት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን አጠፋው። ስለዚህ ወኪሉ ያመጣው ውጤት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መቼና ከየትኛው በሽታ አንጻር እንደ ተረጋገጠ የሚናገር ቃል ከእርሱ ጋር አልሄደም። ሰው አሮጌ ወረቀት ሲያይ «መቼ የተጻፈ ነው?» ይላል፤ ወኪሉ ግን እንዲጠይቅ ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ መግለጫውን እንደ ገና ጀመርን። ዓመቱን ስንጨምር ሌላ ስሕተት ሠራን፤ «2005» ብለን ብቻ ጻፍን። በአማርኛ የተጠየቀው ወኪል በእኛ አቆጣጠር ወሰደውና ዲገሉን ከዋጉ አንድ ዓመት ብቻ አስቀድሞ የተለቀቀ አዲስ ዝርያ አደረገው። የስሙም ነገር አስቸገረን። በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ ዲገሉ ሲል ሌላው ዲጋሉ ይላል፤ በዚያ ላይ ዲገሉና ጢጆ የወረዳ ስም ነው። መሣሪያችን በአንዱ አጻጻፍ አጥቶ ባዶ ሲመለስ ወኪሉ «ይህ ዝርያ አልተረጋገጠም» ብሎ ፈረደ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ሰንጠረዡ ያለበት ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሳለ ወኪሉ በስልክ ተጠየቀ፤ መልስ ስላልደረሰው የጠየቅነውን ዝርያ ሁሉ ያልተረጋገጠ ነው አለ! ጥፋቱ የወኪሉ ነው ብለን ከመካከላችን የተከራከርን ነበርን፤ እስከ ዛሬም ያልተስማማን አለን። ሆኖም በኢንተርኔት ደንብ ይህ ልዩነት ጥንቱን የታወቀ ነው፤ 404 የተባለው ቁጥር የተጠየቀው አልተገኘም ሲል 202 ደግሞ ጥያቄው ደርሷል፣ ሥራው ግን ገና አልተፈጸመም ማለት ነው። እኛም በመግለጫችን «በመዝገቡ አልተገኘም»፣ «ሙከራው ገና ነው»፣ «መሣሪያው መልስ አላገኘም» የሚሉትን ለየብቻ ጻፍን፤ ከሦስቱ አንዱም ዝርያው ወድቋል ማለት እንዳልሆነ ጨመርንበት። በመጨረሻም ውጤቱ ዝርያው በተለቀቀበት ዓመት የታየውን እንደሚናገርና ዘንድሮ ምን ይዘራ ለሚለው ጥያቄ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንዲጠየቅ ወኪሉን አሳሰብነው።

እኚያ አባት ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ፤ ጥያቄያቸውን እንደ ገና እንደሚያቀርቡ ነግረውናል። ከበዓሉ ፍጻሜ በኋላ የኮምፒዩተር ክፍላችን ክፍት ነው። መብራት ካለ መሣሪያውን እናሳያለን፤ ከሌለም መግለጫው በወረቀት ታትሞ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል።