አሮጌ ብር አፈር ሲሆን
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ለማኅበራችን 10ኛ ዓመት በሰላም ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን። የዝግጅት ኮሚቴው ስለ አትክልት ቦታችን እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ከጎመኑ በፊት ስለ አሮጌ ብር ጥቂት ልነግራችሁ ወደድሁ።

በዚህ በእንግሊዝ አገር የወረቀት ፓውንድ የሚሠራው ከጥጥ ነበር። ያረጀውንና የተቀደደውን የእንግሊዝ ባንክ እየሰበሰበ ያስወግደዋል። እስከ 1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይቃጠል ነበር፤ ሙቀቱም የባንኩን ሕንፃ ያሞቅ ነበር። ከ2011 ወዲህ ግን እንደ ምግብ ትራፊ እንዲበሰብስ እየተደረገ ለእርሻ መሬት ማዳበሪያ ሆነ። ከ2016 እስከ 2021 ድረስ የወረቀቱ ብር ደረጃ በደረጃ ፖሊመር በሚባል ፕላስቲክ ተተካ። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ቀልጦ የአበባ መትከያ ይሠራበታል እንጂ እንደ ጥጡ አፈር አይሆንም።

ጥጥ ተክል ነውና ይበሰብሳል። ነገር ግን ደረቅ ወረቀት ብቻውን ቢከመር ብዙ ጊዜ ቆይቶም እምብዛም አይለወጥም። ካርቦን ሞልቶታል፤ ናይትሮጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ብስባሹን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሁለቱንም ይሻሉ፤ ውኃና አየርም ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ እርጥብ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ ይጨመርበታል፤ በየጊዜውም ይገላበጣል። ያን ጊዜ ክምሩ ከውስጡ ይግላል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ ከወራት በኋላም ጥቁር ለም አፈር ይሆናል። ብር ብቻውን አፈር አይሆንም ማለት ነው።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ከካውንስሉ የተከራየነው የአትክልት ቦታ ኪራይ ከመዋጮአችን በጊዜው ይከፈላል። ይሁን እንጂ ግማሹን አረም ወርሶታል፤ የሚቆፍሩትም እነዚያው አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ሳይታረስ የቆየ መሬት ሊወሰድብን እንደሚችል ውላችን ይናገራል። ቦታውን መልሰን ኪራዩን ለሌላ ጉዳይ እናውለው የሚል ሐሳብም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል።

ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች ምክንያት አላቸው። ሁላችንም በሥራ የተወጠርን ነን፤ እኔም ሌሊት ታክሲ ስነዳ የማድር ሰው ነኝና ድካሙን አውቀዋለሁ። ሆኖም ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ከአራት ግድግዳ ጋር የሚውሉ፣ የአገሩ ቋንቋ ያልገባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ተገናኝተው የልባቸውን የሚጫወቱት እዚያ ነው። ጎመን ከገበያ ይገዛል፤ ይህ ግን አይገዛም።

ስለዚህ አዲስ መዋጮ አልጠይቅም። እያንዳንዱ ቤት የቡና አተላውንና የድንች ልጣጩን በባልዲ አጠራቅሞ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ይምጣ፤ ሁለት ሰዓት ቆፍሮ ይመለስ። በጉባኤውም ዕለት ቦታው እንዲቀጥል እጃችሁን እንድታወጡ በአክብሮት እለምናለሁ። ገንዘቡ አለን፤ የጎደለው ሰው ነው።

ለ20ኛው ዓመት በጤና ያድርሰን።