የቄሰ ገበዝ ስም ምሥጢር
በኮን በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ



በበዓል ቀን ቀዳስያን ይታያሉ፥ መዘምራን ይሰማሉ፤ ቄሰ ገበዝ ግን ቁልፉን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፥ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። ዋድላ የቅኔ አገር ናትና፥ የዚህን አገልጋይ ስም መርምሮ ምሥጢሩን ማውጣት ለዚህ ቀን የተገባ ነው።

እንግሊዞች የቤተ ክርስቲያንን ጠባቂ «ሴክስተን» ይሉታል። ቃሉ «ሳክሪስታኑስ» ከሚለው ላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩ «ሳኬር» ቅዱስ ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው የንዋየ ቅድሳት ጠባቂ ነው። ዳሩ ግን ዘመን በረዘመ ጊዜ ስሙ ወደ ደወል ደዋይና ወደ መቃብር ቆፋሪ ወረደ።

በግእዝ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ነው፤ ከዚህም ዐቃቤ ሕግ፥ ሐኪም የተጠራበት ዐቃቤ ሥራይ፥ የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች የተሾሙበት ዐቃቤ ሰዓት ወጥተዋል። «ገበዝ» ግን ጠባቂውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይጠራል፤ ገበዘ አክሱም ማለት ራሷ የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ናት። እንግዲህ ጠባቂው በሚጠብቀው ቤት ስም ተጠራ፤ ቤቱ የእርሱ አይደለም፥ እርሱ ግን የቤቱ ነው።

ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዚሁ በዋድላ አልፎ መቅደላን በያዘ ጊዜ፥ በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትንና ንዋየ ቅድሳትን ይዞ ተመለሰ፤ ብዙዎቹም ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። ንዋየ ቅድሳት ለሚጠብቅ ሰው ስም ያወጣ ሕዝብ፥ የሌላውን ንዋየ ቅድሳት ማረከ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለ ጦር፥ በስውር ተሰርቆ ከባዕድ እጅ ገባ፤ ከዓመታት በኋላም በእግዚአብሔር ቸርነት ተመለሰ።

በጦር የሚመጣውን አንድ ቄሰ ገበዝ ሊመልሰው አይችልም። በስውር የሚወጣውን ግን ንዋዩ በመዝገብ ከሰፈረ፥ በየጊዜውም ካህናትና ሽማግሎች ባሉበት ከተቈጠረ፥ ደብሩ ሁሉ ሊጠብቀው ይቻላል። ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂነቱን ካደ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠየቅ ምእመንም «ይህ የቄሰ ገበዙ ነገር ነው» ብሎ የቃየልን መልስ አይመልስ። ቁልፉ በአንድ እጅ ቢሆን፥ አደራው የሁሉ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።