ሁለት የኢንተርኔት መስመር በአንድ ኮምፒውተር
(ለሰበካ ጉባኤያት ጽሕፈት ቤቶች ከተሰጠ ገለጻ)



ከየአጥቢያው የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ የገመድ ኢንተርኔትና የሞባይል ዳታ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቢገናኙ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናልን? አይሆንም። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ቢያገኝ እንኳ አንዱን መርጦ ይጠቀማል፤ በዊንዶውስ ምርጫው «ሜትሪክ» በሚባል ቁጥር ይወሰናል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። አንድን ፋይል ከፋፍሎ በሁለቱም ለመላክ በወዲያኛው ጫፍ መልሶ የሚገጣጥም ሰርቨር ያስፈልጋል። ከሙዳየ ምጽዋት በሚወጣ ገንዘብ ይህን እንድትገዙ አንመክርም።

ሁለተኛው መስመር የሚጠቅመው ለመጠባበቂያ ነው። ለገመዱ 10፣ ለሞባይሉ 50 ብትሞሉ፣ ገመዱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ወደ ሞባይሉ ይዞራል፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርትም በቀኑ ይደርሳል። ነገር ግን ሳጥኑ እየበራ ኢንተርኔቱ ብቻ የጠፋ እንደሆነ ኮምፒውተሩ መቋረጡን ላያውቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ገመዱን በእጃችሁ ንቀሉት። ብዙ ጸሐፊዎች ግማሽ ቀን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ድርጅት ከሆኑ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ ኔትወርኩ በሚደርስበት አጥቢያ ሁለቱን ከየድርጅቱ መውሰድ ይቻላል። መብራት ሲጠፋም የገመዱ ሳጥን አብሮ ይጠፋልና የስልኩ ባትሪ ዘወትር የተሞላ ይሁን።