ልጆቻችንን በአንድ መብራት ሥር እናስተምር

 

ዛሬ የምንነጋገረው በቤት ውስጥ ስለሚሰጥ ትምህርት ነው። ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን አንድ ላይ እንዴት እናስተምር? ምን ዓይነት መጽሐፍ እንምረጥላቸው? የትኛውን ትምህርት በጋራ፣ የትኛውን ለየብቻ እናስጠናቸው? ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ተመለሱና እንደገና አንብቡት።

ከእናንተ መካከል፣ «እኔ ራሴ ገና ፊደል መለየቴ ነው፤ ምን ብዬ ልጅ አስተምራለሁ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አትበሉ። ፊደል የለየ ሰው ፊደል ያልለየውን ማስተማር ይችላል። ከዚህም በላይ፣ እናቱ ወይም አባቱ ደብተር ዘርግተው ሲያነቡ የሚያይ ልጅ ትምህርት ትልቅ ነገር መሆኑን ያለ ምክር ይረዳል።

ቤት ትምህርት ቤትን አይተካም። ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፈው በትምህርት ቤቱ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በአገራችን ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። እንደገና መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ራዲዮም ቴሌቪዥንም የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያም ወዲህ በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። ይህም ባይሆን ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ ወራት ሙሉ መጽሐፍ ካልነካ የያዘውን ይረሳል። በመስከረም ሲመለስ ጓደኞቹ ይቀድሙታል። ያፍራል። ያፈረ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ለመተው ቅርብ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን አንድ ላይ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትን አስቡ። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል። ሌላው አቡጊዳ ይላል። ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል። ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። መምህሩ ግን አንድ ናቸው። በቁርአን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የራሱን ትምህርት ይዞ ከአንድ መምህር ፊት ይቀመጣል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመርም፣ ጎልማሳና ወጣት ከአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ተምረዋል። ከነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቦታውና ሰዓቱ የጋራ ነው፤ ደረጃው ግን የየራስ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ሦስት ልጆች ያሉበትን ቤት እንውሰድ። ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። መካከለኛው 9 ዓመቱ ነው። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደ ደረሰ እንወቅ። ዕድሜውን ወይም ክፍሉን ብቻ አንመልከት። የ3ኛ ክፍል ልጅ ሆኖ ፊደል የሚያምታታ አለ። መመዘኛው እንዲህ ነው። አንድ ገጽ አስነብቡት። የሚያደናቅፈው ቃል ባገኘ ቁጥር አንድ ጣት ዘርጉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ መጽሐፉ ከብዶታል። አንድም ጣት ካልተዘረጋ ቀልሎታል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ልኩ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ! ልጆች ገጹን በቃላቸው ይሸመድዱታል። ስለዚህ ከመሃል አንድ ቃል በጣታችሁ ጠቁሙና፣ «ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም፣ «ያነበብከውን እስቲ ንገረኝ» በሉት። አንብቦ መናገር ካልቻለ ገና አልገባውም። ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ቢኖር አትሳቁበት። እኅት ወንድሞቹም እንዲስቁበት አትፍቀዱ።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍ እንምረጥ። በሽፋኑ ሥዕል አትታለሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ።

ቋንቋው ልጁ በትምህርት ቤት የሚማርበት ቋንቋ ነወይ? ልጁ የሚማረው በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከሆነ፣ የንባብ መጽሐፉም በዚያው ቋንቋ ይሁን።

ጊዜ ያለፈበት ነወይ? በ2015 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ትልቋ ከዚያ በፊት የተማረችበት መጽሐፍ ለታናናሾቿ ላይገጥም ይችላል። አሮጌውን አትጣሉት፤ ለንባብ መለማመጃ ይጠቅማል። ለክፍል ትምህርት የትኛው እንደሚያስፈልግ ግን መምህሩን ጠይቁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ደረጃ በደረጃ ይሄዳል ወይ? ጥሩ መጽሐፍ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ወደ ታሪክ ይወስዳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ረጅም ጽሑፍ የሚያበዛ መጽሐፍ ለጀማሪ አይሆንም።

እናንተስ ልታነቡት ትችላላችሁ ወይ? አስተማሪው የማይረዳው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ለሦስት ልጆች ሦስት ዓይነት ብዙ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። ለሁሉም በጋራ አንድ የፊደል ገበታና አንድ የተረት መጽሐፍ ይበቃል። ለየራሳቸው ደብተርና የክፍላቸው መጽሐፍ ይኑራቸው። የፊደል ገበታን አትናቁት። 33 ፊደላት በ7 ረድፍ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ። ትንሿ ከገበታው ላይ «ሰ»ን ትለያለች። መካከለኛው፣ «ሰ» ላይ ምልክት ሲጨመር «ሸ» መሆኑን ያሳያታል። «ተ» «ቸ» ይሆናል፤ «ነ» «ኘ» ይሆናል። ትልቋ ደግሞ በየፊደሉ አንድ ቃል ትጽፋለች። ገበታው አንድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሦስት ነው።

ሦስተኛ፣ የጋራውንና የየብቻውን እንለይ። ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ለየብቻ ይሁኑ። እነዚህ እንደ መሰላል ናቸው፤ አንዱን ደረጃ ዘሎ ሌላውን መርገጥ አይቻልም። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ስለ ጤና፣ ስለ አካባቢና ስለ አገር የሚሰጥ ትምህርት ግን ለሁሉም በጋራ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ቀን ርእሳችሁን «ውሃ» አድርጉ። ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን ማፍላት እንደሚገባ፣ እጅ መቼ መታጠብ እንዳለበት አብራችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ ለየልጁ ሥራ ስጡ። ትንሿ ሥዕል ሥላ ከሥሩ «ውሃ» ብላ ትጻፍ። መካከለኛው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ትልቋ ሒሳብ ትሥራ። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ቤቱ በቀን 3 ጀሪካን ቢጠቀም 60 ሊትር ነው። በ7 ቀን 420 ሊትር ይሆናል። ከዚያም ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ሱዳን ውስጥ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር እንደሚገናኝ ከመጽሐፏ አንብባ ለሁሉም ትንገራቸው።

ለሒሳብም ባቄላ ይበቃል። 24 ፍሬ ቁጠሩ። ትንሿ ከ1 እስከ 24 ትቁጠር። መካከለኛው ስድስት ስድስት አድርጎ ይደርድረው፤ አራት ረድፍ ያገኛል። ትልቋን፣ «የ24 ሦስት ስምንተኛ ስንት ነው?» በሏት። ለስምንት ስትከፍለው እያንዳንዱ ድርሻ 3 ይሆናል። ሦስቱ ድርሻ 9 ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ባቄላው ወደ ድስት ይመለሳል!

አራተኛ፣ ሰዓቱን እንከፋፍል። በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የጋራ ይሁን። የሚቀጥለውን 30 ደቂቃ ለሦስት ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። አንዱ ከእናንተ ጋር ሲያነብ ሌሎቹ ሁለቱ ይጽፋሉ ወይም ሒሳብ ይሠራሉ። የመጨረሻው 15 ደቂቃ እንደገና የጋራ ይሁን። ያን ጊዜ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ይባባሉ። ተረትም ይነገር። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይጠቅማል። ዋናው ነገር በየቀኑ መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በትልቋ ልጅ ላይ ነው። ውሃ ትቀዳለች። እንጨት ትለቅማለች። ወጥ ትሠራለች። ማታ ደግሞ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ታናናሾችሽን አስጠኚያቸው» ትባላለች። የራሷን ደብተር የምትከፍተው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መብራቱ ይጠፋል፤ እሷም ደክሟታል። በ7 ዓመቷ 1ኛ ክፍል የገባች ልጅ በ12 ዓመቷ 6ኛ ክፍል ትደርሳለች። የ6ኛ ክፍል ፈተና አለባት። ታናናሾቿ አልፈው እሷ ብትወድቅ፣ ቤቱ ምን አተረፈ? ከዚያም፣ «ትምህርት አልሆነላትም፤ ትዳር» ይባላል። ልጅቷ ግን ትምህርት አልከበዳትም። ጊዜ አልተሰጣትም እንጂ።

ታናሽን ማስተማር በራሱ ክፉ አይደለም። ያስተማረ ሰው ያወቀውን ያጠነክራል። ነገር ግን ልክ ይኑረው። ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። በየቀኑም አይሁን፤ በተራ ይሁን። መካከለኛውም ትንሿን ያስጠና። ወንዱም ጀሪካን ያንሣ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የትልቋ 10 ደቂቃ መጀመሪያ ይሁን። አእምሮዋ ሳይደክም፣ መብራቱም ሳይደክም።

ውድ አድማጮች! ውድ አንባቢዎች! ዛሬ ማታ ሁሉንም ነገር መጀመር አይጠበቅባችሁም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ልጆቻችሁን በየተራ አንድ ገጽ አስነብቡ። ጣታችሁን ቁጠሩ። የእያንዳንዱን ስም ጻፉና ከጎኑ የዘረጋችሁትን ጣት ቁጥር አስፍሩ። ይህን በገዛ እጃችሁ ጻፉት። የመጀመሪያው የአስተማሪ መዝገባችሁ እሱ ነው። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና አስነብቧቸውና ቁጥሩን አስተያዩ። ቁጥሩ ከቀነሰ ሥራችሁ ፍሬ ይዟል።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ ያለን ይህ ነው። ያነበባችሁትን ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት። ደህና ሁኑ።