ክብ ሠርቶ መቀመጥ ብቻውን አያድንም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ነፍስ ሕክምና ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ጉዳዩ የኔም የሆነው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በካዛንቺስ በምሠራበት ሕንፃ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ከመወጣጫው እንጨት ወድቆ በሞተ ጊዜ ነው። በማግሥቱ ጓደኞቹን ሰብስቤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከቀትር በኋላ ግን ቡና በምታፈላው ሴት ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሟቹ ሲያወሩና ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ ጉባኤው ግን ሌላ ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝሁ።

የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና መነሻ ተብለው የሚጠቀሱት ዶክተር ጆሴፍ ፕራት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በቦስተን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በአንድነት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ባዮን ደግሞ፣ ጭንቀት የያዘው ቡድን ሥራውን ዘንግቶ ወይ አዳኝ መሪ እንደሚጠብቅ፣ ወይ ጠላት ፈልጎ እንደሚዋጋ አለዚያም እንደሚሸሽ አስረዱ። የእኔም ስብሰባ ጠላት ፍለጋ ኖሯል። አሜሪካዊው ኢርቪን ያሎም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከፈዋሾቹ ነገሮች መካከል «በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም» ብሎ ማወቅንና ሌላውን በመርዳት መጽናናትን ቆጥረዋል። ይህን የእኛ ዕድርና ለቅሶ ቤት ከቀድሞም ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ዕድር ሕክምና አይደለም፤ ባልሠለጠነ እጅ የተከፈተ ቁስልም ያመረቅዛል። ስለዚህ ኤስ. ኤች. ፉክስ በለንደን ባስጀመሩት መንገድ የሚሠለጥን ሰው ንድፈ ሐሳቡን ይማራል፤ ራሱም የቡድን አባል ሆኖ ይታከማል፤ የሚመራውን ቡድን ሂደት ደግሞ ለአንጋፋ ባለሙያ እያቀረበ ያስመረምራል። እኛስ ብንሆን ለጀማሪ መሐንዲስ ያለ ተቆጣጣሪ ዲዛይን እናስፈርመዋለን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለድብርት የሚሆን የቡድን ሕክምና መመሪያ ሲያወጣም፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው በተቆጣጣሪ ሥር እንዲመሩት አድርጎ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። መንገዱንና የፍሳሽ መስመሩን ለክተናል፤ ሰው ኀዘኑን የሚያካፍልበትን ክብ ግን በየትኛው ፕላናችን አሰፈርነው?

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አደጋ ሲደርስ የምክንያት ምርመራውና የኀዘኑ ጉባኤ በየራሳቸው ጊዜ ይሁኑ። ኀዘኑ ለከበደበት ሠራተኛም የሠለጠነ ባለሙያ የሚከፈልበት ሒሳብ በውላችን ውስጥ ይያዝ። ምሰሶ ሲሰነጠቅ ዐዋቂ እንጠራ የለምን?